ጡረታ የወጣ ሯጭ በድራማ ላይ ራሱን ሆኖ ሲሠራ፦ ስሙ የራሱ፣ ታሪኩስ?

የጠባሴ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ያለን ትንሽ የኪነት ክበብ ነን። ለዩቲዩብ የሚሆን አጫጭር ተከታታይ ድራማ ልንሠራ ተነስተናል። ብር የለንም። አንድ ነገር ግን ተሳክቶልናል። ከተማው ሁሉ የሚያውቃቸው ጡረታ የወጡ የረጅም ርቀት ሯጭ ራሳቸውን ሆነው ለመሥራት እሺ ብለውናል። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። የደብረ ብርሃን ሰው ከሆናችሁ ገምታችኋል።

ችግሩ የመጣው ከድርሰቱ ነው። ሦስተኛው ክፍል ላይ ከልጃቸው ጋር ይጣላሉ። ልጁ ትምህርቱን ትቶ መጠጥ ጀምሯል። እሳቸው በሩጫ ያለፈውን ዘመናቸውን እያነሱ ይጸጸታሉ፣ ያለቅሳሉ። የጻፈው ልጅ ጎበዝ ነው፤ ሳነበው አንጀቴን በልቶኛል። እሳቸው ግን አንብበው ጨረሱና ወረቀቱን አጥፈው «ልጄ እኮ መሐንዲስ ነው» አሉ። ሌላ ቃል አልተናገሩም። ቡናቸውን ጠጥተው ወጡ።

ግማሾቻችን «ድራማ ነው፣ ተመልካች ይገባዋል» እንላለን። ሌሎቻችን «በእውነተኛ ስማቸው እየተጠሩ እንዴት ተብሎ?» እንላለን። በሌላ አገርም ሆነ በእኛ ስፖርተኞች ራሳቸውን ሆነው ሲሠሩ ምን እንደሚደረግ የምታውቁ ጻፉልን።

መንዜው

እንኳን ደስ ያላችሁ። እሳቸውን እሺ ማሰኘት ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ለምሳሌ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ኃይሌ ገብረሥላሴ ራሱን ሆኖ ፊልም ሠርቷል። «ኢንዱራንስ» ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በዲዝኒ በኩል የወጣ ነው። ኃይሌ ያኔ ጡረታ አልወጣም፣ ገና በጉልበቱ ነበር። ፊልሙ ከአሰላ ገጠር ተነስቶ እስከ አትላንታው የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ይሄዳል። ኃይሌ በ27:07.34 ገብቶ ፖል ቴርጋትን ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ያሸነፈበት ማለት ነው። ትልቁን ኃይሌ ራሱ ሠራው። ትንሹን ኃይሌ ከቤተሰቡ የሆነ ልጅ ሠራው።

አሁን ወደ እናንተ ጉዳይ ልምጣ። እዚያም ፊልም ላይ የአባትና የልጅ አለመግባባት አለ። አባቱ ሩጫውን አይወዱለትም ነበር። ግን ይሄ በእውነት የሆነ ነው፣ ኃይሌም በየቃለ መጠይቁ የሚያወራው ነገር ነው። እናንተ ግን ለጋሼ የሌለ ጠጪ ልጅ ወለዳችሁላቸው።

መድፈኛ ደብረ ሲና

ሃሃሃ «የሌለ ልጅ ወለዳችሁላቸው»። መንዜው ገደልከኝ።

እኔ ደግሞ ከኳሱ ሰፈር ልምጣ። ቲየሪ ሄንሪ «ቴድ ላሶ» በሚባለው ተከታታይ ላይ ከጋሪ ሊንከር ጋር ብቅ ይላል። ሁለቱም ራሳቸውን ሆነው ነው። ምን ይሠራሉ? ስቱዲዮ ተቀምጠው ጨዋታ ይተነትናሉ። በቃ። ጫማቸውን ከሰቀሉ በኋላ በእውኑ ዓለም የያዙት ሥራም እሱ ነው። ድራማው ላይ ያለው ክለብ፣ ኤኤፍሲ ሪችመንድ፣ የፈጠራ ነው። አሠልጣኙም የፈጠራ ነው። ግን ለአርሰናል 228 ጎል ያገባው ሰውዬ ኮስተር ብሎ ስለዚያ ክለብ ሲያወራ ስታየው የፈጠራ መሆኑን ትረሳዋለህ። ከሄንሪ የፈለጉት ያንን ነው። ስለ ቤቱ አንድ ቃል አላናገሩትም።

ሸዋ ሮቢት ሙቀት

@መድፈኛ የሌለ ነገር በቁም ነገር መተንተንማ የአርሰናል ደጋፊ ሙያው ነው 😂

መድፈኛ ደብረ ሲና

መጣህ ደግሞ። ወደ ርዕሱ እንመለስ።

ካሜራ ያዥ

ሰላም። ሰርግም ድራማም እቀርጻለሁ። ስለ ድርሰቱ ሌሎች ይበሉ፤ እኔ ስለ ቀረጻው ልናገር።

ስፖርተኛ ዕድሜውን ሙሉ ያሠለጠነው ሰውነቱን ነው። ረጅም ቃለ ተውኔት ሰጥታችሁ በቃል አጥኑ ካላችኋቸው የትምህርት ቤት ግጥም ይሆንባቸዋል። ፊታቸው ይደርቃል፣ ድምፃቸው ይለወጣል። ይልቅ የሚሠሩት ነገር ስጧቸው። የጫማ ክር ይሰሩ፣ በግ ይንዱ፣ የተማሪ ሰዓት ይያዙ። እጃቸው ሥራ ሲይዝ አፋቸው በራሱ ይፈታል። ሐሳቡን ብቻ ንገሯቸውና በራሳቸው አነጋገር ይበሉት።

ሁለተኛ፣ ስሜቱን ሌላ ሰው ይሸከመው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ኪት ኸርናንዴዝ ነው። ቤዝቦል ተጫዋች ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ከኒውዮርክ ሜትስ ጋር ሻምፒዮን የሆነ። ጡረታ ከወጣ በኋላ በ1992 «ሳይንፌልድ» በተባለው ኮሜዲ ላይ ራሱን ሆኖ ገባ። ቤዝቦል ሳይገባኝ ነው ያየሁት፣ አንድም ነገር አላመለጠኝም። ሰውዬው አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ዝም ብሎ ያወራል። የሚያስቀው አጠገቡ ያለው የኮሜዲው ዋና ሰው ጄሪ ነው። ከኸርናንዴዝ ጋር ጓደኛ ለመሆን የሚሆነውን ያጣል። ስልክ ይደውልልኛል ብሎ ይጠብቃል፣ ምን ልልበስ ብሎ ይጨነቃል፣ እንደ ኮረዳ። በኋላ ኸርናንዴዝ ቤት ስቀይር ዕቃ አግዘኝ ሲለው ደነገጠ፤ ገና ሳንግባባ እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ይጠይቀኛል ብሎ። ካሜራው አትሌቱን ያሳያል፣ ትወናውን ግን ከሌላው ነው የሚለቅመው።

ስለዚህ ጋሼን አታስለቅሷቸው። ፊታቸው የቆመው ወጣት ተዋናይ ያልቅስ። እሳቸው ዝም ብለው ይዩት።

ሌላው ነፋስ ነው። ደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ፣ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ያለ ማይክ መሸፈኛ ብትቀርጹ ድምፁን ለመጣል ተዘጋጁ።

የጠባሴ ልጅ

@ካሜራ ያዥ እጅግ አመሰግናለሁ። የበጉ ሐሳብ ተወዷል። ግን ኸርናንዴዝ ድራማው ላይ ከጄሪ ጓደኛ ከኢሌን ጋር ፍቅር ጀምሮ የለም እንዴ? ያ እኮ ፈጠራ ነው። ለእሱ ከተቻለ ለእኛ ለምን አይቻልም?

ካሜራ ያዥ

ትክክል ነህ፣ አብረው ይወጣሉ። በኋላ ሲጋራ ታጨሳለህ ብላ ተለየችው። ለምን ለእሱ እንደተቻለ እኔም መልስ የለኝም። ምናልባት ኒውዮርክ ስለሆነ።

የደነባዋ

«ምናልባት ኒውዮርክ ስለሆነ» ነገሩ እሱው ነው ወንድሜ።

ሁላችሁም ስለ ጋሼ ታወራላችሁ። ባለቤታቸውን ማን ጠየቀ? ሴትየዋን አስቧት። ድራማው ቅዳሜ ማታ ወጣ እንበል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ አንዷ ጠጋ ብላ «አይዞሽ፣ ልጅ እኮ ያስቸግራል» ትላታለች። ሰኞ ገበያ ላይ በርበሬ የምትሸጥላት ሴት «እንደው ጸበል ብትወስዱትስ?» ትላለች። «ድራማ ነው» ብላ ለስንቱ ታስረዳለች? ለመሐንዲሱም እኮ አንድ ቀን ሽማግሌ ይላካል። የልጅቷ ቤተሰብ ያጠያይቃል። የእኛን አገር ማጠያየቅ ታውቁታላችሁ፣ እስከ ሰባት ቤት ነው። አንዱ ተነስቶ «ይሄ ልጅ ይጠጣል ሲባል በቴሌቪዥን አይቻለሁ» ካለ አለቀ።

ኢሌን እኮ የፈጠራ ሰው ናት። ኒውዮርክ ላይ ማንም ተነስቶ ለኪት ሚስት ኢሌን እንዴት ናት አይላትም። ጋሼ ግን ቤት አላቸው፣ ልጅ አላቸው፣ ሁሉም በሩን ያውቀዋል። የፈጠራ ልጅ ስትሰጧቸው እውነተኛው ልጅ ቦታ ላይ ነው የምታስቀምጡት።

መንዜው

የደነባዋ ጨረሰችው። ክሩ ይዘጋ።

ሸዋ ሮቢት ሙቀት

አይዘጋም። እኔ አልስማማም። እንዲህ ከፈራንማ ስለ ማንም ምንም ልንሠራ አንችልም፤ ሁሉም የአንድ ሰው ልጅ ነው።

ማይክ ታይሰንን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2009 «ዘ ሀንጎቨር» ላይ ራሱን ሆኖ ወጣ። ነብር ተሰርቆበት ይመጣል፣ ሰው በቦክስ ያነጥፋል። ነብሩን ማንም አልሰረቀበትም፣ ፈጠራ ነው። ከዚያም «ማይክ ታይሰን ሚስትሪስ» የሚባል ካርቱን ተሠራለት። ራሱን በድምፁ ይጫወታል፣ ወንጀል ይመረምራል። ዓመታት ሄደ። ምን ተጎዳ? ያልነበረው ወዳጅ ነው ያገኘው።

የደነባዋ

@ሸዋ ሮቢት ታይሰን ያን ፊልም የሠራው ለአደንዛዥ ዕፅ የሚሆን ገንዘብ ፈልጎ እንደሆነ ራሱ ተናግሯል። እስር ቤት ገብቶ የወጣ፣ የሰው ጆሮ የነከሰ ሰው ነው። ስሙ ላይ ነብር ቢጨመር ምን ይሆናል? እንዲያውም ሳቁ አቀለለለት። ጋሼ ግን ያላቸው ሀብት ስማቸው ነው። ሩጫው ቤት አልሠራላቸውም እንደምንሰማው።

ጡረተኛው መምህር

ልጆቼ፣ ጨዋታችሁን እየተከታተልኩ ነው። ታይሰንን ተዉትና ወደ ጎረቤታችን እንምጣ።

አበበ ቢቂላ የተወለደው ከመንዲዳ አጠገብ ጃቶ ነው። የእኛው አገር ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ እሱ «አትሌቱ» የሚባል ፊልም ተሠርቷል። አበበን ሆኖ የሠራው ራስሰላስ ላቀው ነው፣ ከዴቪ ፍራንክል ጋር ሆኖም አዘጋጅቶታል። አበበ ያረፈው በ1966 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ድርሰቱን አንብቦ «ይሄ እኔን አይመስልም» የማለት ዕድል አልነበረውም። የእናንተ ጋሼ ግን በሕይወት አሉ። ቡና ጠጥተው «ልጄ መሐንዲስ ነው» ብለዋችኋል። ከዚህ በላይ ምን አስተያየት ትፈልጋላችሁ?

ሌላም ልጨምር። የቶኪዮውን ኦሎምፒክ የጃፓኑ ዳይሬክተር ኮን ኢቺካዋ ቀርጾታል። በማራቶኑ ላይ ካሜራው የአበበን ፊት ለረጅም ጊዜ ይዞ ይቆያል። ሰውዬው ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ገና ሳምንታት ነው ያለፈው። 2:12:11.2 ገብቶ ሜዳው ላይ ሰውነቱን ማፍታታት ጀመረ። እዚያ ፊት ላይ ምንም አታነቡም። ደስታም የለ፣ ሕመምም የለ። ግን ዓይናችሁን መንቀል አትችሉም። እኔ ብሆን ጋሼን ሲሮጡ ብቻ እቀርጽ ነበር። ድራማውን ሌሎች ይሥሩት።

ካሜራ ያዥ

መምህር፣ በአክብሮት ልከራከርዎ። እሱ ዘጋቢ ፊልም ነው። ሰባ ዓመት የተጠጉ ሰው ሲሮጡ ብቻ ካሳየን ደግሞ የድሮ ፎቶ እናደርጋቸዋለን። ጋሼ ጨዋታ አዋቂ ናቸው፣ ድራማ ቢሠሩ ያምርባቸዋል። ጥያቄው በምን በኩል ይግቡ ነው።

የአንኮበር ልጅ

በሳቅ በኩል ይግቡ። ግን ሳቁ ከየት እንደሚመጣ ልንገራችሁ።

ካሪም አብዱልጀባር የሚባል የቅርጫት ኳስ ተጫዋች አለ። 2 ሜትር ከ18። ጡረታ ሲወጣ 38,387 ነጥብ ነበረው፣ ሌብሮን እ.ኤ.አ. በ2023 እስኪያልፈው ድረስ ክብረ ወሰኑ የእሱ ነበር። ገና ሲጫወት በ1980 «ኤርፕሌን!» የሚባል ኮሜዲ ላይ ረዳት አብራሪ ሆኖ ወጣ። አንድ ትንሽ ልጅ መጥቶ «አንተ ካሪም ነህ» ይለዋል። «አይደለሁም፣ እኔ ረዳት አብራሪ ነኝ» ይላል። ልጁ አይተወውም። «አባቴ ግን መከላከል ላይ አትለፋም ይላል» ሲለው ሰውዬው ፓይለትነቱን ረስቶ ቱግ አለ። ልጁን ይዞ የእኔን ሥራ አባትህ ይሞክረው እንደማለት ይናገረዋል።

ለምን ያስቃል? ያ ሐሜት በእውነት ነበረ። ሁሉም ያውቀዋል፣ እሱም ያውቀዋል። ደራሲዎቹ አዲስ ነውር አልፈጠሩለትም። ሰው ቀድሞ የሚያወራውን አንስተው ለራሱ ሰጡት። ጡረታ ከወጣም በኋላ ብዙ ተከታታዮች ላይ ራሱን ሆኖ ገብቷል። በ2019 «ዘ ቢግ ባንግ ቲዎሪ» ላይ ነበር። በዚያው ዓመት ደግሞ «ቬሮኒካ ማርስ» በሚባለው ተከታታይ ላይ ከጸሐፊዎቹ አንዱ ሆኖ ሠርቷል። ማለቴ ሰውዬው ከካሜራ ፊት ጀምሮ ድርሰት ክፍል ገባ።

ደብረ ብርሃን ስለ ጋሼ ምን ብሎ ነው የሚስቀው? እሱን ጻፉት።

የጠባሴ ልጅ

ኧረ አለ! እድር ላይ የቅጣት መዝጋቢ ናቸው። ዘግይቶ የመጣ ሰው ከእሳቸው አያመልጥም። እጅ ሰዓታቸውን አይተው ደቂቃውን እስከ ሰከንዱ ይጽፋሉ። አንዴ የእድሩን ሊቀመንበር ቀጥተዋል። ሊቀመንበሩ «ሰዓቴ ይዘገያል» ሲሉ «እኔ ሰዓት ዘግይቶልኝ አያውቅም» አሏቸው።

የአንኮበር ልጅ

ወንድሜ ይሄን ይዘህ ነው ጠጪ ልጅ የምትፈልገው?

መንዜው

😂😂😂 አንድ ክፍል ሙሉ ነው ይሄ።

መድፈኛ ደብረ ሲና

አንድ ልጨምርና ዝም ልበል። ኳስ ተጫዋቹ ካንቶና (ይቅር በሉኝ የማንቼ ነው)። እ.ኤ.አ. በ2009 ኬን ሎች ባዘጋጀው ፊልም ላይ ራሱን ሆኖ ሠርቷል። ዋናው ሰውዬ ግን ካንቶና አይደለም፣ ሕይወቱ የተመሰቃቀለበት የማንቸስተር ፖስተኛ ነው። ካንቶና በሐሳቡ እየመጣ ይመክረዋል። ፖስተኛው አንድ ቦታ ላይ ከሁሉ የሚበልጠውን ቅጽበት ይጠይቀዋል። እኛ ጎል ይላል ብለን ጠበቅን። ያቀበለውን ኳስ ነው የጠራው፣ ቶተንሃም ላይ ለቡድን ጓደኛው ለኢርዊን የሰጠውን።

እናንተም ችግሩን ለጎረቤት ልጅ ስጡት። የሚጠጣው እሱ ይሁን፣ የፈጠራ ስም ያለው፣ የፈጠራ አባት ያለው። ጋሼ በበር የሚያልፉ እውነተኛ ሰው ይሁኑ። ድርሰቱ አይበላሽም፣ ከቤት ወደ ቤት ነው የሚዛወረው።

ሸዋ ሮቢት ሙቀት

እሺ ይሄንን እቀበላለሁ። ካንቶና ባይሆን ጥሩ ነበር እንጂ።

ሕግ አዋቂው

አንድ ነገር ማንም ስላላነሳው። ወረቀት ፈርሙ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 ላይ የሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይና እንዳይባዛ ይከለክላል። ቁጥር 28 ለታዋቂ ሰውና ሕዝብን ለሚመለከት ነገር የተወሰነ ክፍተት ይተዋል፤ ድራማ ላይ ግን በእሱ አትተማመኑ። «እሺ ብለውናል» የቃል ነገር ነው፣ ነገ ክርክር ያመጣል።

ፈቃዱ ላይ ምን ምን እንደሚቀረጽ፣ የት የት እንደሚታይ፣ ለማስታወቂያ ተቆርጦ መዋል አለመዋሉን በግልጽ አስፍሩ። አንድ ስፖንሰር ነገ መጥቶ የእሳቸውን ፊት ከምርቱ ጋር ልለጥፍ ቢል መልሱ ወረቀቱ ላይ ይኑር። የእሳቸው ፈቃድ ደግሞ ለእሳቸው ብቻ ነው። ለባለቤታቸውና ለልጃቸው አይሆንም። የደነባዋ ያለችው በሕግም ያስኬዳል።

ደግሞ ክፈሏቸው። ትንሽም ቢሆን። «ለአገር ነው፣ ለክብር ነው» እየተባለ ስንት ጊዜ በነጻ ተጠርተው እንደሆነ ብትጠይቋቸው ይነግሯችኋል።

የጠባሴ ልጅ

ወገን፣ ዜና ይዤ መጣሁ። ክሩን አትሜ ለድርሰት ጸሐፊያችን ሰጠሁት። መጀመሪያ አኮረፈ። የደነባዋ የጻፈችውን ሲያነብ ግን ሳቀ፤ ለካ የእሱም አጎት ላይ እንደዚያ ያለ ነገር ደርሶ ነበር።

ጠጪው ልጅ የጎረቤት ልጅ ሆኗል። ጋሼ እድር ላይ አባቱን ሊቀጡ ሲሉ የልጁን ጉዳይ ይሰማሉ፣ ከዚያ ነው የሚገቡት። ሄደን አነበብንላቸው። እድሩ ጋ ሲደርስ «ይሄ እኔ ነኝ» አሉ። ባለቤታቸውም ከጓዳ ሆነው ሲስቁ ሰማን።

አንድ ነገር ግን አስቀየሩን። የድሮ ውድድር የሚያስታውሱበት ትዕይንት አለ፣ እኛ አንደኛ ወጡ ብለን ጽፈናል። እሳቸው «አራተኛ ነው የወጣሁት፣ አራተኛ በሉ» አሉ። ጸሐፊያችን «ጋሼ፣ ለታሪኩ አንደኛ ይሻላል» ቢላቸው «ሦስቱ ሰዎች እኮ አልሞቱም» አሉት።

ጡረተኛው መምህር

አራተኛ ይሁን። አንደኛ የወጣ ሰው ለዚያ ጠጪ ልጅ ምን ይመክረዋል? ሜዳሊያ በአንድ እርምጃ ያመለጠው ሰው ግን የሚለው አያጣም። ሦስተኛ ክፍላችሁ ላይ ስታለቅሱለት የነበረው ጸጸት እዚህ ነው ያለው፣ ፈጠራም አይፈልግም።

ሸዋ ሮቢት ሙቀት

መምህር እንደዚያም ሆኖ አራተኛን ማን ያያል? ርዕሱ ላይ አትጻፉት ቢያንስ።

የደነባዋ

እኔ አያለሁ።

የጠባሴ ልጅ

ነገ ውሉን እንፈርማለን፣ @ሕግ አዋቂው ያልከውን ሁሉ አስገብተናል። ቀረጻው ከጥምቀት በኋላ ይጀመራል። የቀረን ድምፅ የሚቀርጽ ሰው ነው። ደብረ ብርሃን ወይም ጫጫ አካባቢ የምታውቁት ካለ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

ካሜራ ያዥ

እኔ እመጣለሁ። የማይክ መሸፈኛውን ግን እናንተ ግዙ።